የቁራው ምንቃር

እኔ በወፍ የማምን ሰው አይደለሁም። ቁራ ጮኸ ብሎ ከመንገዱ የሚመለስ ዘመድ ሞልቶኛል፤ እኔ ግን በጃንሆይ ዘመን ከቢቸና ወጥቼ ሞጣ እንግሊዝኛ ላስተምር የገባሁ፣ ከጠመኔና ከመዝገበ ቃላት ሌላ የማላውቅ ሴት ነበርሁ። ይህን ያስቀደምሁት የማወራውን ሰምታችሁ «እሷም ጀመራት» እንዳትሉኝ ነው።

ያን ሰሞን አባቴ ቢቸና ታመው ተኝተዋል። ስለያቸው እጄን ይዘው «ሳልሞት ዓይንሽን ልየው» ብለውኝ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ ብዬ ቃል ሰጥቻቸው ነበር። የምነግራችሁ ቀን ሐሙስ ነው።

ጠዋት ክፍል ገብቼ እንግሊዞች የወፍ ምንቃር የሚሉበትን ቃል ሰሌዳው ላይ ጻፍሁ፤ ቢክ። መዝገበ ቃላቱ በአንድ ትርጉም አልተወውም። የሰው ትልቅ አፍንጫም ቢክ ነው፤ የማንቆርቆሪያ አፍም፤ በጨዋታ ቋንቋቸው ደግሞ ዳኛውም፣ የትምህርት ቤት አለቃውም ያው ቢክ ነው። «የትምህርት ቤት አለቃ» ስል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ የእኛ ዳይሬክተር አፍንጫ ከእሳቸው ቀድሞ በር ይገባ ነበርና። ቅኔ ቤት ቆይቶ የመጣ አንድ ጎረምሳ «ለካ እንግሊዞችም ሰምና ወርቅ አላቸው» አለ።

ሳቁ ሳያባራ ዳይሬክተሩ በሩ ላይ ቆመዋል። እኒያ ቁጡ ሰው ሰሌዳውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ አልተቆጡም። «አይዞሽ እህቴ፣ ዛሬ በጊዜ ግቢ» ብለው ሄዱ። ምን ሆንሁና ነው አይዞሽ? ዞር ስል መስኮቱ ላይ ምንቃሩ የወፈረ ቁራ ቆሞ መስታወቱን ይነቁራል። ቋ፣ ቋ፣ ቋ። በጠመኔ ወርውሬ አባረርሁት።

ጨው የምገዛበት ሙስሊም ነጋዴ «እንግሊዟ መጣች» እያለ ሳያበሽቀኝ ውሎ አያውቅም። ያን ቀን ጨዋታው ጠፋበት፤ ጨውን በሁለት እጁ ሰጥቶኝ መሬት መሬት አየ። ደጃፉ ላይ ያወሩ የነበሩት ሴቶችም ጸጥ አሉ። 

ማታ አከራዬ እንጀራ ላይ እንጀራ እየጨመሩ «ብይ እንጂ፣ ነገ አቅም ያስፈልግሻል» አሉኝ።

«ነገ ምን አለ?»

«ምን ይኖራል፣ ልጆቹ ያደክሙሻል ብዬ ነው እንጂ።»

«አባቴ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው፤ እህልም ቀመሱ አሉ።»

ማን አለ? አልጠየቅሁም። ማወቅ ፈርቼ ነው፣ እውነቱ ይኸው ነው።

በእኛ አገር መርዶ በጠዋት ነው። ሐዘንተኛው በልቶ ይደር ተብሎ ከተማው ሁሉ እያወቀ ዝም ይላል፤ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች መጥተው በሩን ያንኳኳሉ። በማግሥቱ በዚያው ሰዓት የቤቴ የቆርቆሮ በር ቋ፣ ቋ፣ ቋ አለ። «ማነው?» አልሁ።  ከፈትሁት። ሰው የለም። ቁራው ደፉ ላይ ቆሞ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያየኛል። ሳቄ መጣ፤ ከአፌ ሲወጣ ግን እሪታ ሆነ።

ጎረቤቱ ግልብጥ ብሎ ወጣ። አከራዬ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው «አባትሽን፣ ልጄ፣ አባትሽን» እያሉ ደረታቸውን ይደቃሉ። ነጋዴውም ጋቢውን ተከናንቦ አጥሩ ሥር ቆሟል። በሩ ሲንኳኳ ሰምተዋል፣ እኔም ስጮህ ሰምተዋል፤ አርጂዎቹ የደረሱ መስሏቸው ነበር። አባቴን ያጣሁት እንዲህ ነው፣ ቁራ ፊት ቆሜ።

አጎቴና ሽማግሌዎቹ በቅሎዎቹ መንገድ ላይ ደክመውባቸው ከቢቸና የደረሱት ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው። አጎቴ ለቅሶውን ሲያይ ተቆጣ። «ማን አረዳት?» አለ። አከራዬ ወደ ጣሪያው ቀና ብለው አማተቡ፤ ቁራው ገና አልሄደም።

«መቼ ተቀበሩ?» አልሁት።

«ትናንት፣ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል።»

ሐሙስ ጠዋት ወሬውን ሞጣ ያደረሰው የጭነት መኪና እኩለ ቀን ላይ ባዶውን ወደ ቢቸና ተመልሷል። ቢነግሩኝ ዓይናቸውን ባላየው አፈር ሲለብሱ እደርስ ነበር። አዝነውልኝ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እስከ ዛሬ ግን አንጀቴ ይቅር አላላቸውም። የቁራ መልክተኛ የሚባለው ተልኮ የሚቀር ነው። ያን ጊዜ ሞጣ ላይ ከሰው ሁሉ የመጣልኝ እሱ ብቻ ነው፤ ያውም ሁለት ጊዜ። መጀመሪያ መስኮቱን ሲነቁር መኪናው ገና አልተነሣም ነበር፤ እኔ በጠመኔ አባረርሁት።