የጾመኛው በቀቀን ኩስ

መሪጌታው አባቴ ማኅሌት መቆሙን ጉልበታቸው እምቢ ካላቸው ወዲህ አንድ ተማሪ ብቻ ቀርቷቸው ነበር፤ እሱም በቀቀን ነው። ከይምርሐነ ክርስቶስ በላይ ካለው የጽድ ደን ውስጥ ክንፉ ተሰብሮ ያገኘው አንድ ገበሬ ነው ያመጣላቸው። ከጭብጥ አይበልጥም፤ ገላው አረንጓዴ፣ ግንባሩ ቀይ። ክንፉ ቢድንም መብረር አልቻለም። አባቴ ከክፍላቸው መስኮት ሥር ቦታ ሰጡት። ሰው «ይናገራል ወይ?» ብሎ ሲጠይቃቸው፣ «አንድ ቃል አልወጣውም። ግን ከብዙ ደቀ መዝሙር ይሻላል፣ ሳስተምር አይተኛብኝም» ይሉ ነበር።

የእኔ ድርሻ የወፉን ሽቦ ቤት ማጽዳት ነው። አስተማሪ ስለሆንኩ ከቤታችን አሮጌ የፈተና ወረቀት አይጠፋም፤ ከሥሩ የማነጥፈውም እሱን ነው። ወፉ መቶ ባመጣውም ዜሮ ባመጣውም ላይ ያለ አድልዎ ይጥልበታል። በየጠዋቱ ወረቀት ስቀይር ሳልፈልግ የኩስ ሊቅ ሆንኩ። ጤነኛ ሲሆን ሦስት ነገር ይታያል፦ እንደ ቀጭን ክር የተጠቀለለ አረንጓዴ፣ መሐሉ ላይ እንደ ኖራ የነጣ ነገር፣ ዙሪያውን ትንሽ ውሃ። ይህን ካየሁ ወረቀቱን ጠቅልዬ ጥዬ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ።

ሁዳዴ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ግን ወረቀቱ ደም ሆኖ አገኘሁት። ደነገጥኩ። ወረቀቱን እንዳለ በፌስታል ጠቅልዬ ወደ እንስሳት ሐኪሙ ሮጥኩ። ሐኪሙ ከቆላው ወገን የመጣ ሙስሊም ወጣት ነው፤ በሬና በቅሎ ሲያክም የሚውል ሰው ፊት የፈተና ወረቀት ዘረጋሁለት።

«ትናንት ምን በላ?» አለኝ።

«ከእኛው ገበታ፣ ቀይ ሥር።»

ሳቁን ለመያዝ ሞከረ፤ አልቻለም። «ወላሂ እህቴ፣ ይሄ ደም አይደለም፣ ወጥ ነው! ሁለተኛ ምን እንደ ገባ ሳትጠይቂ ስለሚወጣው አትደንግጪ።»

እያፈርኩ ተመለስኩ። አባቴም ነገሩን ሰምተው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁብኝ።

በአባቴ ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረም። የስኳር በሽታ አለባቸው። የጤና ጣቢያው ሐኪም ክኒኑን ከቁርስ ጋር እንዲወስዱ ካዘዛቸው ሦስት ዓመት ሆኗል። የነፍስ አባታቸውም የታመመ ሰው ሰዓት አይጠብቅም ብለው ፈትተዋቸዋል። እሳቸው ግን «የነፍስ አባቴ ቢፈቱኝ እኔ ራሴን አልፈታሁም» ብለው በሁዳዴ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል በአፋቸው አይዞርም። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃቸዋል፣ እሳቸው ዳዊታቸውን ይደግማሉ። እኔ በጠዋት ኩሽና ቆሜ የጾም ፍርፍር ጎርሼ፣ አፌን ጠርጌ፣ በራቸው ላይ ቆሜ እለምናለሁ። ከዚያ ወደ ትምህርት ቤት እሮጣለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ወፉም በጠዋት መብላት ጭራሽ ተወ። ጥሬው ፊቱ ተቀምጦ ዝም ይላል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆንና አባቴ ማዕድ ሲቀርቡ ወርዶ ይለቃቅማል። አባቴ ይህን ያዩ ቀን ፊታቸው በራ። «አየሽ? ጾሙን ያዘ!» አሉኝ። በማግስቱም ጾሙን እንዳናስፈታው ብለው ጥሬውን እስከ ዘጠኝ ሰዓት አነሱት። ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ክፉ ተምራ ትመጣለች ይባላል፤ ከመሪጌታ ጋር የዋለ ወፍ ግን ጾም ተማረ ተባለ። ጎረቤት እየመጣ አየው። አንዲት ከብልባላ ለገበያ የመጡ እናት ፊቱ ቆመው አማተቡ። እኔም ብሆን በመምህራን ክፍል ሳወራው ነበር፤ ልዋሽ አልችልም፣ ኮርቼበት ነበር።

ወረቀቱ ግን ሌላ ይናገር ነበር። ክሩ ጠፋ። የቀረው ጥቂት የጠቆረ አረንጓዴ ነገር ነው፣ የተፈጨ ቅጠል የመሰለ፤ ኖራውም ወደ ቢጫ ሄደ። አየሁት። «ጎመን በልቶ ነው» አልኩ። አንዴ በቀይ ሥር ተስቆብኛል፤ በጎመን ደግሞ ሊሳቅብኝ አልፈለግሁም። እንዲህ እያልኩ አንድ ሳምንት ሙሉ ወረቀት ጠቀለልኩ። ወፉ ላባውን ነፍቶ ዓይኑን በቀን መጨፈን ሲጀምር ነው ሐኪሙን ይዤ የመጣሁት።

ሐኪሙ ወፉን በመዳፉ ያዘና ደረቱን በአንድ ጣቱ ዳሰሰ። አልሳቀም። የእኔንም ጣት ወስዶ አስነካኝ፤ አጥንቱ እንደ ቢላ ጀርባ ቀጥ ብሎ ወጥቷል።

«ይሄ ጎመን አይደለም» አለ ወረቀቱን እያሳየኝ። «ሐሞት ነው። ሆድ ባዶ ሲሆን የሚወጣው እሱ ብቻ ነው። ከጾሙ በፊት ጠዋት ምን ይበላ ነበር?»

«ጥሬ፣ ከአባቴ ቁርስም ቂጣና ትንሽ እንቁላል። አባቴ ሲጎርሱ ነበር ወርዶ የሚበላው።»

«እኮ፣ የመንጋ ወፍ ነው። ብቻውን አይበላም። መንጋው ደግሞ አባ ናቸው።»

አባቴ ከመደባቸው ላይ ሆነው፣ «ልጄ፣ እሱ እኮ ጾሞ ነው» አሉ።

ሐኪሙ ወፉን በቀስታ መልሶ ዘወር አለ። ያን ሰሞን ረመዳንም ገብቶ ነበር፤ ከንፈሩ ደርቋል። «አባ፣ እኔም ጾመኛ ነኝ» አለ። «እሱ ግን ጾመኛ አይደለም። ተርቧል። እንዲህ ከከረመ ሳምንት አይቆይም።»

 ሐኪሙ ሲወጣ ወፉ የተቀቀለ እንቁላል ቢያገኝ ቶሎ ይጠነክራል ብሎ፣ በሁዳዴ በመሪጌታ ቤት እንቁላል መቀቀል እንደማይሆን ስለገባው፣ «እሱን ከእኔ ቤት እልካለሁ» አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ቦርሳዬን አንግቤ በሩ ላይ ቆምኩ። አባቴ ጥሬውንና እንቁላሉን ራሳቸው ለወፉ አቀረቡ፤ በፊታቸውም ቂጣ አስቀመጡ። ከዚያ ባዶ አፋቸውን ማኘክ ጀመሩ። ጥርስ በሌለው ድዳቸው አየር ያላምጣሉ። ወፉ አያቸው፤ ካለበት ንቅንቅ አላለም። አባቴ እንደገና አላመጡ። ወፉ ዓይኑን ከደነ። እጃቸው ቂጣው ላይ ብዙ ቆየ። በመጨረሻ አማተቡ፣ «አቤቱ ይቅር በለኝ» አሉና ቆርሰው ጎረሱ። እውነተኛ ጉርሻ ነበር፤ ሲውጡ ጉሮሯቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ወፉ ዓይኑን ገለጠ። በጎን በጎኑ እየተራመደ ወረደና ጥሬውን ነካ።

በአምስተኛው ቀን ወረቀቱ ላይ ክሩ ተመለሰ፤ ኖራውም ነጣ። እንደዚያ ቀን በኩስ ደስ ብሎኝ አያውቅም። አባቴ ግን በየጠዋቱ አንዲት ጉርሻ ብቻ ለወፉ ብለው ይወስዱና ገበታውን ይገፉታል። ክኒናቸው ያው ዘጠኝ ሰዓት ይጠብቃል። እኔ ደግሞ ውስጥ ውስጤን እየበገንኩ ነበር። በወፍ ቀናሁ፤ ይኸው ነው እውነቱ።

አንድ ማታ ራት ላይ አመለጠኝ። «ሦስት ዓመት ለምኜ እምቢ ያሉኝን ለወፍ በአንድ ጠዋት ፈጸሙለት» አልኳቸው።

አልተቆጡም። «አንቺ እኮ ሁልጊዜ በልተሽ ነው የምትለምኚኝ» አሉኝ።

 ሳህኑን አንስቼ ኩሽና ገባሁ፤ በየጠዋቱ ቆሜ የምጎርስበት ቦታ ላይ ብዙ ቆምኩ።

በማግስቱ ጠዋት ፍርፍሩን ኩሽና ውስጥ አልነካሁትም። ወደ ክፍላቸው ይዤው ገባሁ፣ ከቂጣቸው ጎን አስቀመጥኩት፣ እጄን ታጥቤ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ። አባቴ የወፉን ጉርሻ ጎረሱ። እኔ አልነካሁም። የትምህርት ቤቱ ደወል ከታች ተሰማ።

«ብዪ እንጂ፣ ረፈደብሽ» አሉኝ።

«እርስዎን እየጠበቅሁ ነው።»

ወፉን አዩት፤ ጥሬውን እየፈለቀቀ ነው። እኔን አዩኝ። ሌላ ቆረሱ፣ ከዚያ ሌላ፤ እኔም በላሁ። ቂጣው ግማሽ ሲደርስ እጃቸውን ዘረጉና፣ «በይ ያንን ክኒን አቀብዪኝ» አሉ።