ለብ ካለ ውሃ የወጣ ዓሣ

በቶሮንቶ ደሴቶች መሀል የተኛው ውሃ ኦገስት ላይ ይሸታል። የበሰበሰ ጎመን ሽታ ነው፤ የዳክዬ ኩስና ዋናተኞች የሚቀቡት የፀሐይ ክሬም ተቀላቅሎበታል። ዳር ዳሩን ቅባት የመሰለ አረንጓዴ ነገር ይይዛል፤ እሱ ላይ ላባ፣ የቡና ስኒ ክዳን፣ አንድ ጊዜም ያገለገለ ዳይፐር ተኝቶ አይቻለሁ። ቴርሞሜትሬን በክር አስሬ ስከተው ሃያ ሰባት ዲግሪ አለ። ሳወጣው ዝልግልግ ነገር ክሩን ተከትሎ ወጣ። በሱሪዬ ልጠርገው አልኩና ተውኩት፤ ሣሩ ላይ ፈተግኩት።

በራሴ ፈቃድ ቢሆን በዚያ ወር እዚያ ቦታ መንጠቆ አልጥልም። የሄድኩት ለዓሣ አልነበረም። በቸርች የተዋወቅኳት፣ ላገባት የምፈልጋት ልጅ ነበረች። ሽማግሌ ልልክ ማሰቤን ስነግራት አባቷ መጀመሪያ ሊያዩኝ እንደሚፈልጉ ነገረችኝ። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያደጉ፣ እዚህ መጥተው ዕድሜያቸውን በሾፌርነት የጨረሱ፣ አሁን ቶርንክሊፍ ፓርክ ሠፈር ፎቅ ላይ በጡረታ የተቀመጡ ሰው ናቸው። «ያጠምዳል አላልሽኝም? ይውሰደኛ፤ ሰው ውሃ ላይ ነው የሚታወቀው» አሏት። የምልካቸው ሽማግሌዎች በር ተከፍቶላቸው ይገቡ እንደሆነ ወይም ከደጅ ይመለሱ እንደሆነ የሚወሰነው በዚያ ቀን ነበር። እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ።

ማጥመድ ያስተማረኝ ሰው የለም። ሥራዬ የምግብ መጋዘን ውስጥ ነው፤ ከትራክ የሚወርደውን ሥጋና ዓሣ ሙቀት እለካለሁ፤ ከልኩ ያለፈውን እመልሳለሁ። የበሰበሰ ሽታ ሳይመጣ በፊት ቁጥሩ እንደሚመጣ እዚያ ነው የተማርኩት። ከዚያ ከቤተ መጻሕፍት እየተዋስኩ ባስ ስለሚባለው ዓሣ ማንበብ ጀመርኩ፤ በእረፍት ቀኔ ከምኖርበት ክሬሰንት ታውን ወጥቼ ውሃ እየለካሁ እውል ነበር።

ባስ የራሱ የሚለው ሙቀት የለውም፤ ውሃው የሆነውን ይሆናል። በረዶው በቀለጠ ሰሞን ከሥር ደንዝዞ ይተኛል፤ ምግብ አፍንጫው ሥር ቢያልፍ እንኳ አይነቃነቅም። ውሃው ወደ አሥራ አምስት ሲጠጋ ወንዱ ወደ ዳር ይመጣና ጠጠሩን በጅራቱ ጠርጎ ጎጆ ያበጃል፤ እንቁላሉንም ይጠብቃል። ያን ጊዜ ማጥመድ ክልክል ነው። የሚፈቀደው ጁን መጨረሻ ላይ ነው። በጋው ሲከር ሣር ሥር ይደበቃል፤ ማለዳና ማምሻ ካልሆነ አይበላም። ሴፕቴምበር አልቆ ውሃው ተመልሶ ወደ አሥራ አምስት ሲወርድ ግን ለክረምቱ ስብ ለመያዝ ያገኘውን ሁሉ ይውጣል፤ ከሣሩ ወጥቶ ደንጊያማው ጋ ይሄዳል፤ ሥጋውም ይጠነክራል። ዓሣ አጥምጄ ከበላሁ የምበላው ያኔ ነው።

ምክንያት አለኝ። ሣር በሞላው፣ ለብ ባለው ውሃ ውስጥ ቀንድ አውጣ ይበዛል፤ ከቀንድ አውጣው ቢጫ ትል ይወጣና ዓሣው ሥጋ ውስጥ ገብቶ ይተኛል። ዓሣውን እግረ ረጅሙ ወፍ ሲበላው ትሉ ወፉ ጉሮሮ ውስጥ ያድጋል፤ ወፉ ምንቃሩን ውሃ ውስጥ ሲነክር እንቁላሉ ተመልሶ ይወርዳል። ይህን ያነበብኩ ቀን ምሳዬን መመገቢያ ክፍል ጥዬው ተነሣሁ።

ስለዚህ ለአባቷ ኦክቶበር ይሁን ብዬ ላክሁባቸው። መልሳቸውን ልጅቷ እየሳቀች አመጣችልኝ፤ «ሐዋሳ ላይ ዓሣ ቀጠሮ አይሰጥም በይው።»

ወደ ደሴቱ የሚያሻግረው ጀልባ፣ ፌሪው ጋ ስደርስ አባቷ ባርኔጣ አድርገው፣ ባልዲ ይዘው፣ ከሱቅ የገዙትን የመሬት ትል በፕላስቲክ ዕቃ ታቅፈው ቆመዋል።

«ፍሪጅ ውስጥ ወተት አጠገብ ነው ያሳደረው» አለችኝ ልጃቸው። «ማሚ ስታየው ኔበሮቹ እስኪሰሙ ጮኸች።»

«ወተቱን አልጠጣባት!» አሉ አባቷ። ከዚያ እኔን ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ይሄ ነው አጥማጁ? ጓንት ይዟል እንዴ?»

ጓንት ይዤ ነበር። ወደ ቦርሳዬ ከተትኩት።

መጀመሪያ የወሰድኳቸው በደሴቱ ውጨኛ ጎን፣ ሐይቁን ፊት ለፊት ወደሚያየው ደንጊያማ ዳር ነው። እዚያ ውሃው ንጹሕ ነው፤ ቀደም ብዬ ሃያ አንድ ዲግሪ ለክቼበታለሁ። ቴርሞሜትሩን ስጥለው ዘጠኝ አለ። የተበላሸ መስሎኝ ደግሜ ጣልኩት፤ ዘጠኝ። ከዚያ ገባኝ። ከምዕራብ በኩል ነፋስ ሲነፍስ ሰንብቷል፤ እንዲህ ያለ ነፋስ ላይ ላዩን ያለውን ሙቅ ውሃ ከዳሩ ገፍቶ ይወስደዋል፤ በቦታው ከጥልቁ ቀዝቃዛው ይወጣል። ሰው በጋ ነው ብሎ ቁምጣ ለብሶ ይመጣል፤ ዓሣው ግን እንደ ክረምት ደንዝዞ ይውላል፣ ወይም ሙቀት ወዳለበት ይሸሻል።

አባቷ እጃቸውን ነክረው መለስ አደረጉ። «ኧረ ይሄ የፍሪጅ ውሃ ነው!» ሆኖም ጣሉ። ጠበቅን። አንድም ዓሣ መንጠቆውን አልነካም። ቆይተው ወደ እኔ ዞሩ። «ዓሣው የት ሄደ? እስቲ ያንን ቴርሞሜትርህን ጠይቅልኝ።»

«ሙቅ ውሃ ወዳለበት ነው ጋሼ። ወደ ውስጠኛው።»

«ታዲያ እኛ እዚህ ምን እንሠራለን?»

ባልዲያቸውን አንሥተው ሄዱ። እኛም ተከተልናቸው፤ ጎመን ጎመን ወደሚሸተው ውሃ። ትሉን በባዶ እጃቸው ቆረጡት፤ ጭማቂው አውራ ጣታቸው ላይ ቀረ፤ በዚያው ጣት አፍንጫቸውን አከኩ። መንጠቆውን ገና እንደጣሉት ክሩ ሮጠ። ባስ ነበር፤ አፈ ሰፊው፣ ጎኑ ላይ ጥቁር መስመር ያለው፣ የክንዴን ያህል። ትክክል ነበሩ፤ እኔ ተሳስቼ ነበር። ደስታቸው ግን ሌላ ነገር አመጣ፤ ባርኔጣቸውን ለልጃቸው አቀበሉና ከኪሳቸው ቢላዋ አወጡ።

«ጋሼ፣ ይሄን ብንለቀው ይሻላል» አልኩ።

«ምን ሆኖ?»

«ለብ ካለ ውሃ የወጣ ነው። ሥጋው ጥሩ አይደለም።»

«ጥሩ አይደለም!» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ሎሚውን አምጪ፣ ሚጥሚጣውንም።»

ጥሬውን ሊበሉት እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ። ሐዋሳ ዳር ሰው ከጀልባ የወረደ ዓሣ እዚያው አስቀድዶ በጥሬው እንደሚበላ ሰምቼ ነበር። እዚህ፣ ኦንታሪዮ ሐይቅ ላይ፣ በዚህ አረንጓዴ ቅባት ላይ፣ ሰው ያስበዋል ብዬ ግን አልጠበቅኩም።

«ዳዲ ፕሊስ፣ ቤት ወስደን ኩክ እናድርገው» አለች ልጅቷ።

«እኛ ልጅ ሆነን እሳት የምናነደው ለእንግዳ ብቻ ነበር።»

«ቢበስል ይሻላል ጋሼ» አልኩ። «ለጤና አይሆንም ይባላል።»

«ማነው የሚለው?»

«መጽሐፍ ላይ አንብቤ ነው።»

«መጽሐፍ ዓሣ በልቶ ያውቃል?»

ልጅቷ ሳትፈልግ ሳቀች። እኔ ትል የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። ግን ትልቅ ሰው ሊበላ ተቀምጦ፣ ምግቡ ፊቱ ሆኖ፣ የሚያስጠላ ነገር ስም አይጠራም፤ ያደግኩት እንደዚያ ነው። ቤታችን ውስጥ ገበታ ላይ ዝንብ እንኳ በስሟ አትጠራም ነበር። በዚያ ላይ እኚህን ሰው የምለምናቸው ነገር አለኝ። ሌላ ቃል ፈለግኩ፤ አጣሁ።

የሽርሽር ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት። ሆዱን ሲሰነጥቁት የወጣው ሽታ አፍንጫዬን ዘጋው። ጨጓራው ውስጥ ግማሹ የሟሟ ክሬይፊሽ፣ ሸርጣን መሰል የውሃ እንስሳ፣ ነበር፤ እግሩ ገና አልሟሟም። አንጀቱን ሣሩ ላይ ወረወሩት፤ ዝንብ ወዲያው ሠፈረበት። ሥጋው ቢላዋው ሥር እንደ እርጥብ ስፖንጅ ይሰምጥ ነበር፤ መጋዘን ቢመጣ ሳልለካው እመልሰው ነበር። በቀጭን በቀጭኑ ቆረጡት፣ ሎሚ ጨመቁበት፣ ሚጥሚጣ ነሰነሱ። አንድ ጎረሱ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ደገሙ።

«አፍህን ክፈት» አሉኝ ከዚያ።

ከፈትኩ። ጉርሻ ነው፤ አባቷ ናቸው። እስካሁን የማይለቀኝ ቅመሙ አይደለም፤ ሙቀቱ ነው። ሥጋው አልቀዘቀዘም ነበር፤ የአፌን ሙቀት ይዞ ገባ፤ የት እንዳበቃና ምላሴ የት እንደጀመረ መለየት አቃተኝ። ጭቃ ጭቃ አለኝ። ሳላላምጥ ዋጥኩት።

«አየህ? ጎበዝ! አንድ ላይ አይቀርም።» ሁለተኛውን ጠቀለሉ።

ሁለተኛው ጉርሻ ዓይኔ ሥር ሲደርስ አየሁት። እርድ ውስጥ የተቀቀለ የሩዝ ፍሬ ይመስላል። ሎሚው ቀስቅሶት ይሆናል፤ አንዱን ጫፉን አወጣ፣ ቀስ ብሎ ወደ ግራ አጠፈው፣ መልሶ ዘረጋው። አባቷ መነጽራቸውን አላደረጉም። አፌን ገጠምኩ።

«እምቢ አልክ? የኔን ጉርሻ?» ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። ከዚያ ትከሻቸውን ነቀነቁ። «ተወው። ነይ አንቺ ቅመሺ፤ አንቺ እንኳ የአባትሽ ልጅ ነሽ።»

እሷ እኔን አየችኝ፣ አባቷን አየች፣ ሁለታችንን ለማስታረቅ ይመስለኛል አፏን ከፈተች።

«ትል አለበት!»

ድምፄን እኔ ራሴ አላወቅኩትም። በጎናችን ሥጋ የሚጠብሱት ቤተሰቦች ዞረው አዩን። አባቷ እጃቸው አየር ላይ እንደቆመ መነጽራቸውን በሌላው እጃቸው ከደረት ኪሳቸው አወጡ። አዩ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ የቀረውን አዩ፤ ሦስት ሌሎች ነበሩ፤ አንዱ ሚጥሚጣው ውስጥ ገብቶ ቀልቷል። ቁራሹን አስቀመጡ፣ ከዛፉ ጀርባ ሄዱ፣ አስመለሱ። ለረጅም ጊዜ ነው ያስመለሱት። እኔም ብችል ደስ ባለኝ፤ የኔ ግን እዚያው ተቀመጠ።

ሲመለሱ ፊታቸው ረጥቧል። «ታውቅ ነበር?» አሉኝ።

«ሊኖር እንደሚችል አውቃለሁ።»

«እና ‹ቢበስል ይሻላል› ነው ያልከኝ?»

«ምግብ ላይ እንዴት ትል ብዬ…»

«ከትሉ ስሙ ይብሳል?»

ሁለቱን ሲጎርሱ ትሉን እንዳላየሁ ልነግራቸው ፈልጌ ነበር፤ እውነትም አላየሁም። ግን አለማየቴ የሚያድነኝ አልመሰለኝም። ልጅቷ የተረፈውን በላስቲክ ሦስት ጊዜ ጠቅልላ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተተችው።

ፌሪው ላይ አባቷ ከውጭ ተቀመጡ። ነፋሱ ሚጥሚጣና ትውከት ይዞ ወደ እኔ ይመጣል፤ ቦታ መቀየር አሳፈረኝ። ልጃቸው ማስቲካ ሰጠቻቸው። ከተማው ፊት ለፊታችን መታየት ሲጀምር ሳያዩኝ ተናገሩ።

«ሽማግሌ ልትልክ ነው አሉ።»

«አዎ ጋሼ።»

«አትላክ።»

እሷ አንገቷን ወደ ውሃው ደፋች።

«ሦስት ሰው ይመጣሉ» ቀጠሉ። «ቆንጆ ቆንጆ ቃል ይደረድራሉ። ጨዋ ነው፣ ሠራተኛ ነው፣ ዝምተኛ ነው። እኔም ውስጡን ሳላይ ልዋጥ? ዛሬ ጠግቤያለሁ። ራስህ ተናገር። መልካሙን ተወው፤ የሚያስጠላውን።»

«አሁን?»

«ቅድም ብትናገር ይሻል ነበር።»

ስለዚህ ተናገርኩ። በሰው ቤት ስጋበዝ ሹካውን ሳላየው እንደማልበላ፣ ከጨበጥኩት ሰው ዞር ስል እጄን እንደምጠርግ፣ ስናደድ ለቀናት እንደማልናገር፣ ልጃቸው አንድ ጊዜ በዚህ ምክንያት እንዳለቀሰች ነገርኳቸው። እሷ «አንድ ጊዜ አይደለም» አለች ከጎኔ። «አንድ ጊዜ አይደለም» አልኩ። እሳቸው በቸርች የታወቁ ሰው መሆናቸውን እያወቅኩ፣ ሰንበት ከቸርች የምቀረው በሥራ ምክንያት ብቻ እንዳልሆነም ጨመርኩ። አፌ ውስጥ ያ ጭቃ አለ። አንዴም አላቋረጡኝም። አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ ስለ ሹካው ስነግራቸው፣ ጎርበጥ ያለ ሳቅ ወጣቸውና ሆዳቸውን ያዙ።

ፌሪው ማረፊያው ጋ ሲደርስ ተነሡ። «ቅዳሜ ቤት ና» አሉ። «ይሄኑ እናቷም ትስማው። እሷ እሺ ካለች እኔ የምለው የለኝም።»

ከዚያ እጃቸውን ዘረጉልኝ። ጥፍራቸው ሥር የዓሣው ቅርፊት ነበር፤ ጣታቸው ገና ያብለጨልጫል። ልጅቷ ምን እንደማደርግ ታየኛለች። ጨበጥኳቸው፤ እጄንም ሱሪዬ ላይ ሳልጠርግ እስከ አውቶቡሱ ድረስ አብሬያቸው ሄድኩ።