ሦስት ባዶ ቅጠሎች

ትናንት ከሰዓት በኋላ ከታች ፎቅ ያሉት የጎረቤቴ ልጆች የስንዴ ዱቄት በውሃ አፍልተው ማጣበቂያ ሠሩ፤ ረመዳን ሊገባ ነውና እዚህ ካይሮ፣ በአርድ ኤል ሊዋ ሰፈር ጠባብ መንገዳችን ላይ ከሰገነት ሰገነት የሚዘረጋውን ባለቀለም ወረቀት ሊቀጣጥሉ ነው። ያ ያረረ ሊጥ የሚመስል ሽታ በደረጃው ሲወጣ መስኮቱን ዘጋሁት። ልጆቹ ምንም አላጠፉም። ይህን ሽታ የጠላሁት ዐሥር ዓመት ሳይሞላኝ ነው፤ ያስጠላችኝንም ሴት ስም ለመጻፍ እጄ አይዝልም፣ ወይዘሪት ጽጌ ትባላለች።

አብዮቱ አባቴን ከወሰደው በኋላ እናቴ እኔን ይዛ በሱዳን በኩል ካይሮ ገባች፤ ሹብራ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየን። ዓርብ ዓርብ፣ የከተማው ትምህርት ቤት ሁሉ ሲዘጋ፣ እንደኔ የተሰደዱ ዐሥራ ሁለት ልጆች በአንድ ቤተ ክርስቲያን ጓሮ ባለ አዳራሽ ተሰብስበን አማርኛ እንማር ነበር። የመሳፍንት ልጅም ነበረ፣ መሳፍንቱ ይውረዱ ብሎ ሰልፍ የወጣ መምህር ልጅም ነበረ፤ ወላጆቻቸው በር ላይ ሲገናኙ ፊት ይዟዟራሉ፣ ልጆቹ ደግሞ ውስጥ ገብተው ይቧጨራሉ። አስተማሪያችን ወይዘሪት ጽጌ ይህ ሲሰለቻት አንድ ዓርብ፣ “ከዛሬ ጀምሮ የደግነት ዛፍ እንሠራለን” አለች።

አልዋሽም፣ ሥራው ደስ ይል ነበር። ግንዱን ከሲሚንቶ ከረጢት ቆረጥን፣ አረንጓዴ ወረቀት በቅጠል ቅርጽ ቀደድን፣ ማጣበቂያው በጋዝ ምድጃ ላይ ሲንተከተክ የመሳፍንቱ ልጅ ሰው ያላየው መስሎት በጣቱ እየዛቀ ይልስ ነበር፤ እስከ ማታ አልሞተም። ከዚያ ለእያንዳንዳችን ሦስት ሦስት ቅጠል ታደለን። ደግ ነገር ያደረገልንን ልጅ ስምና ያደረገውን ጽፈን፣ አጥፈን፣ ክዳኑ በተበሳው የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ እንድንከት ነው። ማን እንደጻፈ አይታወቅም ተባልን።

ቤት ገብቼ ስነግራት እናቴ የያዘችውን መርፌ አስቀመጠች።

“ስም ጽፋችሁ ሳጥን ውስጥ?”

አባቴን ያስያዘው በቀበሌ ሳጥን ውስጥ የተገኘ ቁራጭ ወረቀት ነበር።

“ደግ ነገር ነው እኮ የሚጻፈው” አልኳት።

“ዛሬ ደግ ነው” አለች። “ባዶውን አጥፈሽ ክተቺ። ስትከቺ ይዩሽ፣ ይበቃል።”

እኔ ግን የምጽፈው ነበረኝ። አንዲት ጓደኛ ነበረችኝ፤ ረጅም፣ ተደባዳቢ፣ ከእኔ በቀር ማንም አጠገቧ የማይቀመጥ። ወደ ቤቴ በሚወስደው መንገድ ጥግ ላይ አንድ ፖሊስ ይቆማል፤ እኔ ደግሞ አባቴ ከተወሰደ ወዲህ መለዮ ለባሽ ሳይ እግሬ አይታዘዘኝም ነበር። ይህን ያወቀች እሷ ብቻ ናት። ቤቷ በተቃራኒው አቅጣጫ ሆኖ ሳለ ዓርብ ዓርብ በፖሊሱ በኩል ሆና እጄን ይዛ ታሻግረኛለች፤ “እዪው፣ የበላው የታሚያ ጥብስ ዘይት ሱሪው ላይ ተንጠባጥቦበታል፣ ይሄን ነው የምትፈሪው?” እያለች ታስቀኛለች፣ ጥጉን ስናልፍ “ኸላስ፣ አለፍነው” ትልና ብቻዋን ትመለሳለች። በዚያ ሰሞን በየመንገዱ፣ “ጻፍሽልኝ?” ትለኝ ነበር። እኔም ጽፌያለሁ አልኳት።

ቆርቆሮው የተከፈተ ቀን ከእርዳታ ድርጅት ሁለት እንግዶች መጡ። ከቅጠሎቹ ግማሽ ያህሉ ላይ የወይዘሪት ጽጌ ስም ነበር፤ ልጅ ሞኝ አይደለም። ከግንዱ ሥር ግን ሦስት ባዶ ቅጠሎች ለብቻ ተለጥፈዋል። “እነዚህ ምስጋና ያልለመደች የአንዲት ልጅ ናቸው” አለችና ወደ እኔ ዞረች። በቅጠሎቹ ጀርባ በእርሳስ የየልጁን ደቃቅ ቁጥር ጽፋ ኖሯል።

“ተነሺ እስቲ። በዚህ ሁሉ ሳምንት አንድ ደግ ሰው አላየሽም?”

“አላውቅም” አልኩ። እናቴ ለጠያቂ ሁሉ ያስጠናችኝ መልስ ነው።

እንግዶቹ ሻይ ሲጠጡ ጓደኛዬ ዛፉን ከላይ እስከ ታች፣ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ አነበበችው። ስሟ የለም። በር ላይ ጠበቅኳት።

“መንገዱን አሁን ታውቂዋለሽ” ብላኝ በራሷ አቅጣጫ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ዓርብ ዓርብ ፖሊሱን ሽሽት ሦስት መንገድ እዞር ነበር። ስለ እርሳሱ ቁጥር ለእናቴ ስነግራት “አላልኩሽም?” አለች፤ ትክክል መሆኗ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፣ ተሳስታ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ሌላ ሰው እሆን ነበር። ለፋሲካ ሳንደርስ የጓደኛዬ ቤተሰብ ወደ ሌላ አገር መሄጃ ወረቀት አግኝቶ ሄደ፤ የት እንደሆነ የነገረኝ የለም።

ያ መንግሥት ከወደቀ ስንት ዘመኑ። እናቴም እዚሁ አርፋለች። የሚሰማም የሚያስይዝም የለም። ባለፈው ወር ኒው ካይሮ በሰው ቤት ለምትሠራ፣ እሑድ እሑድ ለምትጠይቀኝ ልጅ ይህን ታሪክ እስከዚህ ድረስ አወጋኋትና ስልኳን አወጣች።

“እማማ፣ የጓደኛዎን ስም ብቻ ይንገሩኝ፣ አሁኑኑ እፈልግልዎታለሁ።”

ረሳሁት አልኳት። እሷም አዘነችልኝ፣ ስልኳንም ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። እኔ ስሟን ከነአባቷ ከነአያቷ አውቀዋለሁ።