ጊታሪስታችንን ለማስቀረት የላክናቸው ሽማግሌዎች

በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ገደማ ሐረር ውስጥ ሁለት ዓይነት ወጣት ነበር፤ ሊድ ጊታሪስታችንን የሚያመልክና ገና ያልሰማው። የሱ ባንድ እሑድ ከሰዓት የሚጫወተው ከጁገል ግንብ ውጭ፣ በአዲሱ ከተማ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ነው። አዳራሹ ከመሙላቱ የተነሣ አንዱ ሲያስነጥስ የሚጠረገው የሌላው አፍንጫ ነበር።

ለዘፋኙ እንጨፍራለን። ጊታሪስቱ ግን ሌላ ነው። ከጅማ የመጣ ቀጭን ልጅ፣ ቀና ብሎ ሰው አያይም። ብሉዝ ሲጀምር ክሩን በጣቱ ገፋ ያደርግና ድምፁን ያጎብጠዋል፤ ያኔ ጭፈራው ይቆማል፣ ለስላሳው በየእጃችን ይሞቃል። ጓደኛዬ ጁገል ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበር። የልጁን ሱሪ በዓይኑ ለክቶ ለከተማው ጎረምሳ ሁሉ ሰፋ፤ የእግሩ ስፋት ለጉድ ስለሆነ ነፋስ የተነሣ ቀን ከሸዋ በር ፈረስ መጋላ ሳንራመድ እንደርስ ነበር። እኔ ጊታር ስለሌለኝ መጥረጊያ ይዤ መስታወት ፊት ዓይኔን እጨፍናለሁ። እናቴ፣ «ቤቱ ሳይጠረግ መጥረጊያው አለቀ» ትል ነበር።

አንድ ቀን ልብስ ሰፊው ሱቁን እንኳ ሳይዘጋ እየሮጠ መጣ።

«ሰማህ? ሊሄድ ነው!»

«ማን?»

«ሌላ ማን አለን?»

«አዲስ አበባ ናት» አልኩ። ጥርጥር አልነበረኝም፤ እሷ ጥሩ ነገር አይታ አታልፍም።

ራሳችን እንዳንለምነው ፊቱ ስንቆም ምላሳችን ይታሰራል። አንዴ ክብሪት ቢጠይቀኝ ከነኪሴ ቀድጄ ልሰጠው ምንም አልቀረኝም።

«ሽማግሌ እንላክበት» አለ ጓደኛዬ።

«ልንድረው ነው እንዴ?»

«አንተ ቀልድ! አልሄድም የሚያሰኝ ከሽማግሌ ሌላ ምን አለ?»

እውነቱን ነው። ጡረታ የወጡትን ወታደር አጎቴን እኔ ለመንኳቸው፤ ፈረስ መጋላ ቡና የሚነግዱትን ሐጂ ደግሞ እሱ ለመናቸው።

«ጊታር ማለት ክራር ነው?» አሉ አጎቴ።

«ክራር ነው፣ መብራት የሚበላ።»

ሐጂ ሆቴሉ በር ላይ ሲደርሱ ቆሙ። «መጠጥ ያለበት ቤት አልገባም፣ ወላሂ!» ስለዚህ ጊታሩንና የድምፅ ማጉያውን ተሸክመን አወጣን፤ ገመዱን በመስኮት አሳልፈን ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተከልነው። ልጁ ለሽማግሌዎቹ ወንበር ይዞ ሮጠ።

«እሺ ሳትለን አንቀመጥም!» አሉ አጎቴ፣ ወታደር ሲያዙ በነበረበት ድምፅ።

«ልጄ፣» አሉ ሐጂ፣ «እነዚህ ልጆች ካንተ በኋላ አንኖርም ብለዋል። አትሂድ ልንልህ ነው የመጣን።»

ልጁ መሬት መሬቱን አየ። ሽማግሌ ፊቱ አቁሞ እንቢ የሚል ምን ዓይነት ሰው ነው? ከንፈሩ ሲላቀቅ አየሁ። ጓደኛዬን በክርኔ ጎሸም አድርጌ፣ «አለቀ፣ የኛ ነው!» አልኩት።

«ቆይ እስቲ» አሉ ሐጂ። «እኔ ነጋዴ ነኝ፣ ዕቃ ሳላይ አልዋዋልም። ምንድን ነው የምትሠራው? አሰማን።»

ያን ቀስ ያለውን ብሉዝ ጀመረ። እሑድ ከምንሰማው ይልቅ ቀስ ያለ መሰለኝ። አጎቴ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሲጨርስ ማንም አላጨበጨበም።

«ማን ሞቶብህ ነው?» አሉ ሐጂ።

«ማንም አልሞተብኝም፣ አባቴ።»

«ታዲያ?»

«እናቴ ናት፤ የምሄደውም ጅማ እሷ ጋ ነው። ግማሽ አካሏ አልታዘዝ ብሏታል። ያለ እኔ ሰው የላትም። ካየኋት ሦስት ዓመት ሆነኝ።»

ሐጂ ወደኛ ዞሩ። «እናንተ! ይህን እየሰማችሁ ነው በየሳምንቱ የምታጨበጭቡት?»

«ጥሩ ስለሚጫወት እኮ ነው…» አለ ልብስ ሰፊው።

ሐጂ ወንበሩን ሳብ አድርገው ተቀመጡ። አጎቴም ተከትለው ተቀመጡ። ሽማግሌ ተቀመጠ ማለት ነገሩ አለቀ ማለት ነው፤ ያለቀው ግን ለሱ ነበር።

«ኧረ አጎቴ!» አልኩ። «የላክናችሁ እኮ እኛ ነን!»

«ዝም በል!» አሉ አጎቴ። «ሽማግሌ ይላካል እንጂ አይቀጠርም። ነገ ወደ እናቱ ይሄዳል፤ ዕቃውን ተሸክማችሁ የምትሸኙት እናንተ ናችሁ።»

ይግባኝ የሚባል ነገር የለም። የራሱን ሽማግሌ ቃል የጣለ ሰው ነገ ሚስት ሲፈልግ ማን ይሄድለታል? ሁለታችንም ደግሞ ላጤ ነበርን።

በማግስቱ ጠዋት ልብስ ሰፊው ሻንጣውን፣ እኔ ጊታሩን ይዘን ባቡር ሊይዝበት ድሬዳዋ ወደሚሄደው አውቶቡስ ሸኘነው። ጊታሩን ለክርስትና እንደሚወሰድ ሕፃን በሁለት ክንዴ አቅፌ ነበር። ልጁ መስኮቱ ጋ ተቀምጦ ትንሽ አየንና፣ «ከፊት የምትቆሙት እናንተ ናችሁ አይደል?» አለ።

«አዎ» አለ ጓደኛዬ። «እማማን ሳምልን።» እኔ ጊታሩን በመስኮት አቀበልኩት።

ሾፌሩ ሞተሩን ቢያስነሣ፣ ቢያስነሣ፣ እንቢ አለ። እኔም ጓደኛዬም ፈገግ አልን።

«ጎረምሶች!» ብሎ ጮኸ ሾፌሩ። «ምን ተገትራችሁ ታያላችሁ? ግፉ እንጂ!»

ተያየን። ከዚያ በዚያ ሰፊ ሱሪያችን አቧራውን እየጠረግን ገፋን። ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩ ሳለና ያዘ። አውቶቡሱ ጥሎን ሲፈጥን ጓደኛዬ እጁን ከቆርቆሮው ላይ ሳያነሣ አብሮ ይሮጥ ነበር። ከጭሱ ውስጥ ሆኜ፣ «በቃ፣ ልቀቀው!» አልኩት።