ያልተጻፈው ማክሰኞ

ሙሉእመቤት መናደዷን መጀመሪያ የሚያስታውቀው እጇ ነው። ከፊቷ ጨርቅ ነገር ከተገኘ፣ የጠረጴዛ ልብስም ይሁን የገዛ ነጠላዋ፣ ታጥፈዋለች። ጫፍና ጫፉን ይዛ አንዴ ታራግፈውና ለሁለት፣ ደግሞ ለሁለት፣ ከዚያ በመዳፏ ጫን አድርጋ ትዳብሰዋለች። በስደት አገሯ፣ በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ምድር ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንሶላ ያጠፈ እጅ ነውና፣ ጡረታ ወጥተሃል ቢሉት አይሰማም።

ፈረንጆቹ 2006 በሚሉት ዓመት፣ በዳግማይ ትንሣኤ እሑድ፣ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ተቀምጣ ከፊቷ የነበረውን ሶፍት ሁሉ አጥፋ ጨረሰች። ያበገናት ገረመው ነው። ገረመው ታክሲ ነጂ ነው፤ ሰው በማሳቅ የሚስተካከለው የለም፤ ቀልዱ የሰው ቆዳ ሲልጥ ግን አይታወቀውም።

«እትዬ ሙሉ፣ ያ ድራማዎ ሞተ አሉኝ። ነፍስ ይማር! ዕድሜው ስንት ነበር?»

«ሁለት ዓመት» አለች ሳታስበው።

«በጨቅላነቱ ተቀጨ በሉኛ!»

ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ።

ድራማው «ቤዝመንት» ይባላል፤ ምድር ቤት ማለት ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነበር የሚታየው። የሆስፒታል ላውንድሪ፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ ውስጥ የሚሠሩ የአሥራ ሁለት ሰዎች ታሪክ ነው። ይኸኛው ዋናው ነው፣ ያቺ የእሱ እጮኛ ናት የሚባል ነገር የለበትም፤ ሁሉም እኩል ናቸው፤ ዛሬ የአንዱ ቀን ከሆነ በሚቀጥለው የሌላዋ ነው። የጃማይካ ሴት አለች፣ ፖርቱጋላዊ ሽማግሌ አለ፣ ከፊሊፒንስ የመጡ እህትማማቾች አሉ። ጋዜጣ ላይ የሚጽፉት ሰዎች እንዲህ ያለ ሥራ በቴሌቪዥን ታይቶ አይታወቅም ብለው አወደሱት፤ ሽልማት በሽልማት ላይ ደረቡለት። የሚያየው ሰው ግን አልተገኘም።

ሙሉእመቤት ያገኘችው እንዲያው በአጋጣሚ ነው። ሪጀንት ፓርክ በሚባለው ሰፈር፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ ባለው ቤቷ ቻናል ስትቀያይር የማሽን ድምፅ ሰማች። ትልቁ ማድረቂያ ሊቆም ሲል የሚያወጣውን፣ እንደ ደከመ በሬ ያለ ትንፋሽ። ቀና ብላ ስታይ ሁለት ሴቶች አንሶላ ይዘው ቆመዋል። አንደኛዋ ጫፏን ቀድማ ልትለቅ ነው። «ኧረ አትልቀቂ!» ብላ ጮኸችባት። ከዚያ ወዲያ አንድም ማክሰኞ አላመለጣትም። እንግሊዝኛዋ ለዜና አይበቃም፤ ሐኪም ቤት ስትሄድ የልጅ ልጇን ኤፍራታን ይዛ ነው። የቤዝመንትን እንግሊዝኛ ግን ልቅም አድርጋ ትሰማዋለች። የዚያ ምድር ቤት ቋንቋ ነዋ፤ ከእንፋሎቱ ጋር ነው የጠጣችው።

«እኔን የሚገርመኝ» አለ ገረመው፣ ሳቁ ሲበርድ እንደገና ሊያነደው፤ «ልብስ ሲታጠፍ ለማየት ቴሌቪዥን ምን ያስፈልጋል? በጾሙ አንድ ቀን ከፍቼ አየሁት። አንዲት ሴት አንሶላ ውስጥ ጥርስ አገኘች። አርቴፊሻል ጥርስ! በቃ፣ እሱን ይዛ ፎቅ ለፎቅ ዞረች፣ ዞረች፣ ሰለቸኝና ዘጋሁት። ለአንድ ጥርስ አንድ ሰዓት! ሰው አይሞትበት፣ ሰው አይጋባበት፤ ምንም የማይሆንበት ድራማ!»

ምንም የማይሆንበት። ሙሉእመቤት ጆሮዋ ጋለ።

ከሱዳን መጥታ ሥራ በጀመረች በአራተኛው ዓመት፣ እሷም አንሶላ ስታራግፍ ጥርስ ወድቆላት ያውቃል። አለቃዋ ጣዪው አላት። አልጣለችውም። በወረቀት ኩባያ አድርጋ፣ የምሳ ሰዓቷን እየሠዋች ሦስት ቀን ሙሉ ፎቅ ለፎቅ ዞረች። በሦስተኛው ቀን ሰባተኛ ፎቅ ላይ አንድ ሽማግሌ አገኘች፤ አፉን በእጁ ከልሎ ወደ ግድግዳው ዞሯል። ልጆቹ ከሩቅ አገር መጥተው ኮሪደር ላይ ቆመዋል፤ በዚህ አፌ አያዩኝም ብሎ እምቢ ብሏቸዋል። ኩባያውን አጠገቡ አስቀመጠችለት። ጥርሱን አደረገና መጀመሪያ የእሷን እጅ ሳመ፤ ከዚያ ልጆቹን ጠራ። እሷ ደግሞ ወደ ምድር ቤት ስትመለስ ከሥራ ቦታሽ ጠፍተሻል የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጠበቃት።

«ምንም የማይሆንበት?» አለች። «አንተ ገረመው፣ ሃያ ዓመት መሪ ይዘህ ምን ሆንክ? ንገረኛ! ንጉሥ አሳፈርክ? ልዕልት አገባህ? ሰው ጫንክ፣ ሰው አወረድክ። እንግዲህ ያንተም ዕድሜ ምንም የለበትማ!»

«ኧረ እትዬ፣ ቀልዴን ነው...»

«ቀልድህን ለሚስትህ! የገደላችሁት እናንተ ናችሁ። ቡጢና ጭፈራ ሲሆን አፋችሁን ከፍታችሁ ታያላችሁ፤ የእናንተን ላብ የሚያወራ አንድ ነገር ሲመጣ ሰለቸን! መጨረሻውን ሳታይ ዘግተህ ነው የምታወራው። የጥርሱ ባለቤት ሽማግሌው ሲያለቅስ መች አየህ?»

ይህን ጊዜ ነው ዓለምሸት የገባችበት። ዓለምሸት በዚያ ምድር ቤት አሥራ አንድ ዓመት የአንሶላውን ሌላ ጫፍ የያዘች ጓደኛዋ ናት።

«አንቺ ሙሉዬ፣ እኔ ኖሬበት የጠገብኩትን ደግሞ ሶፋ ላይ ተቀምጬ ልየው? ለመሆኑ፣ በጾሙ ቴሌቪዥን ዘግቻለሁ፣ ጨርቅ አልብሼዋለሁ ብለሽኝ አልነበር? የሽማግሌውን ለቅሶ መቼ አየሽው?»

ሙሉእመቤት የሚታጠፍ ሶፍት ፈለገች፤ አልቋል።

«ሰው ነገረኝ» አለች።

«የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አሉ» አለችና ዓለምሸት ተወቻት።

እውነቱ ይህ ነው። ጾሙ ሲገባ ቴሌቪዥኑን ነጠላ አልብሳው ነበር። ማክሰኞ ማክሰኞ ግን በሩን ትቆልፍና ነጠላውን ገልጣ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጋ ታያለች። በዚያው ሰሞን በፖስታ አንድ ደብተር መጣላት። የላኩት የቴሌቪዥን ተመልካች የሚቆጥሩ ሰዎች ናቸው፤ አስቀድመው በስልክ ጠይቀዋት፣ ነገሩ በቅጡ ሳይገባት እሺ ብላለች። ደብተሩ የሳምንቱ ቀን ሁሉ በሩብ ሰዓት፣ በሩብ ሰዓት ሣጥን ሣጥን ተሰምሮበታል። በየሣጥኑ ያየሽውን ጻፊ ነው። ማክሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋ ቆመ። ስሟ ያለበት ወረቀት ነው። ስም ያለበት ወረቀት ማን እጅ እንደሚገባ በቀበሌው ዘመን አይታዋለች። ደግሞስ ለሰው ሁሉ ዘግቻለሁ ያለችውን ለፈረንጅ ከፍቻለሁ ብላ ልትፈርም ነው? ሰባቱንም ቀን «ቴሌቪዥኑ ዝግ ነበር» የሚለው ላይ ምልክት አድርጋ መለሰችው። ቀለል አላት። ከዚያም ረሳችው።

ከአዳራሹ እንደ ጦፈች ቤቷ ስትገባ፣ ኤፍራታ ኮምፒውተሯን ከፍታ ጠበቀቻት። ኤፍራታ ዩኒቨርሲቲ የገባችው በዚያው ዓመት ነው።

«እማማ፣ ዊ ካን ሴቭ ኢት! ድራማውን እንዲመልሱት ሰዎች ለጣቢያው ሌተር እየላኩ ነው። አንቺም ጻፊ፣ እኔ ትራንስሌት አደርገዋለሁ።»

«እስቲ መጀመሪያ ሰው የሚለውን አንብቢልኝ።»

ኤፍራታ ኢንተርኔት ላይ የተጻፈውን የተመልካች አስተያየት ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበችላት። አንዱ፣ እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ነበር፣ ይህን ድራማ ካገኘሁ ወዲህ ኪኒኔን ተውኩ ይላል። ሌላው፣ እንዲህ ያለ ትልቅ ሥራ በመዘጋቱ አፈርኩ፣ እኔም ጊዜ ሳገኝ ላየው አስቤ ነበር ይላል።

«ያላየውን ነው የሚያወድሰው?» አለች ሙሉእመቤት። «ይሄስ ከገረመው ይብሳል! ገረመው ቢያንስ ከፍቶ ነው የዘጋው።»

ሦስተኛዋ አጭር ነበረች። እናቴ ላውንድሪ ትሠራ ነበር፣ ምን ስትሠሪ ዋልሽ ብዬ ጠይቄያት አላውቅም፣ አሁን የለችም።

«ይቺኛዋን ድገሚልኝ።»

ኤፍራታ ደገመችላት።

«ታዲያ ለምንድነው የዘጉት?»

«ሬቲንጉ ሎው ነው፣ እማማ። የሚያየው ሰው ትንሽ ነው።»

«ማን ቆጠረው? እኔ ቤት ማን መጥቶ አየ?»

«ቤት አይመጡም። ለጥቂት ሰው ደብተር ይልካሉ። አንዱ ደብተር ለብዙ ሰው ይቆጠራል። ላይክ... አንድ ሰው ስምንት ሺህ ሰው ሊሆን ይችላል።»

ሙሉእመቤት ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና ማጠፍ ጀመረች።

«ሣጥን ሣጥን ያለበት ደብተር ነው?»

«የስ። ዋይ?»

ነገረቻት። ኤፍራታ መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ አፏን ያዘች።

«እማማ! አንቺ ብቻሽን ስምንት ሺህ ሰው ነበርሽ እኮ!»

ንዴት ሰው ላይ ሲሆን መውጫ አለው፤ ራስ ላይ ሲሆን የት ይውጣ? ሳምንቱን ሙሉ ስታጥፍ ሰነበተች። ቅዳሜ የንስሐ አባቷ ዘንድ ሄደች።

«አባቴ፣ በጾሙ ቴሌቪዥን አይቻለሁ። አላየሁም ብዬም ዋሽቻለሁ።»

«ምን ነበር ያየሽው?»

«ድራማ ነው።»

«ዘፈን አለበት?»

«የለበትም።»

«ዝሙትስ?»

«በምን ጊዜያቸው አባቴ! ቀኑን ሙሉ አንሶላ ያጥባሉ።»

ቄሱ ሳቃቸውን ጢማቸው ውስጥ ቀበሩት። «ልጄ፣ እኔ ለጾሙ ሐሜት ተዪ ነው ያልኩሽ። ቴሌቪዥኑን ከራስሽ ነው የጨመርሽው። ለውሸቱ አርባ ጊዜ አቡነ ዘበሰማያት ድገሚ።»

ከሁሉ ይህ አንገበገባት። ለካ ማንም ያልከለከላትን ነው የደበቀችው! አርባውን አቡነ ዘበሰማያት እየተነጫነጨች ደገመች፤ እንደዚያ የተደገመ ጸሎት ይቆጠር እንደሆነ እግዜር ያውቃል። ከዚያ ተቀምጣ፣ በአራተኛ ክፍል ጽሕፈቷ፣ ለጣቢያው ደብዳቤ ጻፈች።

«ስሜ ሙሉእመቤት ይባላል። በመጋቢት ወር ቴሌቪዥኑ ዝግ ነበር ብዬ የላክሁት ሐሰት ነው። ጾም ስለነበር አፍሬ ነው። ሴትዮዋ ጥርሱን ይዛ ስትዞር አይቻለሁ፤ እኔም በጊዜዬ ዞሬያለሁ። ስለዚህ ስምንት ሺህ ሰው ጨምሩበት። የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ እነሱ ምን አደረጉ? ሥራቸው ላይ ነበሩ።»

በእሑዱ አዳራሽ ገብታ ሳትቀመጥ፣ «ገረመው፣ የገደልኩት እኔ ነኝ» ብላ ሁሉንም በሰው ፊት ዘረገፈችው።

ገረመው አፉን ከፍቶ ሰማትና፣ «ስምንት ሺህ ሰው ሆነው በአንድ ሶፋ እንዴት ተቀመጡ፣ እትዬ?» አለ።

በነጠላዋ መታችው። ሳቋ ግን አመለጣት።

መልሱ በወሩ መጣ። ሁለት መስመር ነው። ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን፣ ለእኛ እጅግ ጠቃሚ ነው ይላል፤ ፊርማው እንኳ የታተመ ነው። ስለ ስምንቱ ሺህ አንድ ቃል የለበትም። ወረቀቱን አራት አጥፋ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ወደሚያነክስበት እግር ሥር ከተተችው።

ኅዳር ሲገባ፣ ፊት ለፊቷ ያለውን ሕንፃ ማፍረስ ሲጀምሩ፣ ስልክ ተደወለ። የተመልካች ቆጣሪዎቹ ናቸው። ባለፈው ደብተሩን በጊዜው ስለመለሱልን፣ እንደገና ፈቃደኛ ይሆኑ እንደሆነ... ሰውየው ሳይጨርስ «የስ» አለችው። «የስ፣ የስ!»

ኤፍራታ በጾሙ የታየውን የጥርሱን ታሪክ ከአንዲት የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዋ ቤት በካሴት አገኘችላት። ደብተሩ በመጣ ሳምንት፣ ማክሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ዓለምሸት መጣች፤ ገረመውም ታክሲውን ከታች አቁሞ መጣ፤ መጨረሻውን ካላሳየሁህ ብላ በግድ ጠርታው ነው። ሽማግሌው ጥርሱን አድርጎ ወደ ልጆቹ ሲዞር ገረመው ቀልድ አላመጣም። ዓለምሸት ግን ጓንት ያጠለቀችውን ተዋናይ እያየች፣ «እኛ መቼ ጓንት ሰጡን! ዓይን ያወጣ ውሸት ነው!» ብላ ተቆጣች፤ ስትቆጣም ወንበሯን ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠጋች።

ሲያልቅ ሙሉእመቤት ደብተሩን አወጣች። ከጋዜጣ የቆረጠችውን የድራማውን ስም ከፊቷ አስቀምጣ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እያየች፣ አራቱንም ሣጥን «ቤዝመንት» ብላ ሞላች። ስንት ሰው አየ ለሚለው አራት አለች።

«እማማ፣ ኖ! ይሄ ቴፕ ነው። ሾው የለም፣ ካንስል ሆኗል። አይቆጥሩትም።»

«ያየሁትን አላየሁም ብዬ ስጽፍ ቆጥረውት የለም?» አለች ሙሉእመቤት። «አሁን አይቼ አየሁ ስል እንዴት ነው የማይቆጥሩት? ይምጡና እምቢ ይበሉኝ! ደጄን ያውቁታል፤ ስሜ ተጽፎበታል።»

ፊደሎቹን እንደገና አደመቀቻቸው። እስክሪብቶውን ተጭና ስለጻፈች ገጹን ስትገልጥ ስሙ ወደ ረቡዕም አልፎ ታየ። ረቡዕ ጾም ነው። አልሰረዘችውም።