የወንድማቸውን ድምፅ የቆጠሩት መምህር እንድሪስ

አጎቴ መምህር እንድሪስ ይማም በመካነ ሰላም ከተማ፣ አልጋ ላይ ውለው ከከረሙ በኋላ፣ ባለፈው ዓርብ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ዐረፉ። በየአገሩ የተበተናችሁ ተማሪዎቻቸው፣ በደጎሎና በወረኢሉ አብረዋቸው ያስተማራችሁ ባልደረቦቻቸው፣ መርዶው ያልደረሳችሁ ካላችሁ ከእኔ ስሙት። የወንድማቸው ልጅ ዘሀራ ነኝ።

እኔም ተማሪያቸው ነበርሁ። አንድ ጊዜ የክፍል አለቃ ስንመርጥ ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ የሆነ ጉልበተኛ ተማሪ «እጅ በማውጣት ይሁን» አለ። ማን እጁን እንደማያወጣለት ዞሮ እንደሚያይ ሁላችንም እናውቃለን። መምህር እንድሪስ የጠመኔ ካርቶን አመጡና አናቱን በምላጭ ሰነጠቁት። «እጁን የሚያወጣ ሰው ጎረቤቱን ይፈራል። ወረቀት ማንን ይፈራል?» አሉን። ጉልበተኛው ተሸነፈና አለቀሰ። እሳቸው አቅፈው «መሸነፍ ውርደት አይደለም። ይልቅ ተነስና ለተመረጠችው ልጅ አጨብጭብላት» አሉት። አጨበጨበ።

ከዓመታት በፊት ለክልል ምክር ቤት ምርጫ ሲደረግ አባቴ ሀሰን ይማም በግላቸው ተወዳደሩ። አባቴ ገበሬ ናቸው፤ የተጣላ አስታራቂም ነበሩ። የሚናገሩት ስለ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ምጥ የያዛት ሴት ከኛ ቀበሌ በቃሬዛ መውረዷ ቀርቶ መኪና የሚገባበት መንገድ እንዲወጣ። አገሩ ሁሉ ተስፋ አደረገባቸው።

አጎቴ ደግሞ የቀበሌያችን ምርጫ ጣቢያ ኃላፊ ሆነው ተመድበው ነበር። ታናሽ ወንድማቸው መመዝገቡን እንደሰሙ ወደ ምርጫ ጽሕፈት ቤት ሄደው «ሌላ ሰው ተኩ» አሉ። ያልፈቀዱት ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? የአባቴ ተፎካካሪ ናቸው። «እንድሪስ ከተነሳ እኔም ቆጠራውን አላምንም» አሉ። አባቴም በደስታ ተስማሙ። ወንድም ወንድሙን አይጥልም ብለው ይሆናል።

እዚያ የነበሩ ሰዎች እንደሚተርኩት፣ በቆጠራው መካከል አንድ ዓይነት ወረቀት እየተደጋገመ ወጣ። የጣት አሻራው በአባቴ ስም አጠገብ ያለውን ሳጥንና ከሥሩ ያለውን የተፎካካሪያቸውን ሳጥን በአንድነት የነካ ነው። እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ድምፅ ነበር። አጎቴ እያንዳንዱን ወረቀት ለታዛቢዎች እያሳዩ ዋጋ የሌለው ድምፅ ብለው ለብቻ አስቀመጡት። የአባቴ ታዛቢ ታገሡ ታገሡና «መምህር፣ እነዚህ እኮ የኛው ሽማግሌዎች ናቸው! ማንን እንደመረጡ ይጠፋዎታል?» አሏቸው።

«አይጠፋኝም» አሉ አጎቴ። «እኔ ግን የምቆጥረው የማውቀውን ሳይሆን ወረቀቱ ላይ ያለውን ነው።»

አባቴ በጥቂት ድምፅ ተሸነፉ። አጎቴ ሊያጽናኗቸው ወደ ቤታችን ሲመጡ አባቴ ደጃፍ ላይ ቆመው ጠበቋቸው። «ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም» አሉና በሩን ዘጉ። አጎቴ በመጡበት መንገድ ተመለሱ።

ከዚያ ወዲያ ገበያ ላይ ቢገናኙ መንገድ ይለዋወጣሉ። እናታቸው፣ አያቴ፣ ስትሞት እንኳ አንዱ በመቃብሯ ራስጌ፣ አንዱ በግርጌ ቆመው አልተያዩም። የሚቀጥለው ምርጫ ሲደርስ ግን አጎቴ ወደ ቀበሌያችን በእግራቸው መጡ። ከመስጊዱም ከቤተ ክርስቲያኑም ደጅ ሽማግሌዎችን ሰብስበው፣ ጣት እንዴት በአንድ ሳጥን ውስጥ እንደሚያርፍ አስተማሩ። «ማንን እንምረጥ ታዲያ?» ሲሏቸው «እሱን ለጣታችሁ ንገሩት፤ ለእኔ አትንገሩኝ» ብለው ያስቋቸዋል። አባቴ ያን ጊዜ አልተወዳደሩም። ለሰላምታም አልወጡም።

እኔ ዐረብ አገር ሠርቼ ታምሜ ስመለስ ደሴ መናኸሪያ ቆመው የጠበቁኝ አጎቴ ነበሩ። ጋቢያቸውን አልብሰው፣ ደግፈው አውቶቡስ ላይ አወጡኝ። አቀስታ ላይ ለምሳ ስንቆም ሾርባ አስመጥተው በማንኪያ እያጎረሱ፣ ስለዚያ ቆጠራ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገሩኝ።

«ከነዚያ ወረቀቶች አንዱ የእናቴ ነበር» አሉኝ። «አውራ ጣቷን ማጭድ ሰንጥቋት፣ በልጅነቴ ቁስሏን የማስርላት እኔ ነበርሁ። ጠባሳው ወረቀቱ ላይ ቁጭ ብሏል።»

«ታዲያ እንዴት አስቻለዎት ጋሼ?»

«መቼ አስቻለኝ! ግን የእናቴን ካነሳሁ የሰውን እናት ድምፅ በምን አንጀቴ እጥላለሁ? እሷ ደግሞ ለልጄ ሰጠሁት ብላ ደስ እንዳላት ሞተች። ይኸው ነው የሚያቃጥለኝ።»

ለአባቴ ልንገራቸው ብዬ ለመንኋቸው። «እኔ በሕይወት እያለሁ አይሆንም» አሉ። «አፉ ብሎ ይቅር የሚለኝ ከሆነ ወንድሜ ነው ብሎ ይበለኝ። በእናቱ ጣት ተገድዶ እንዲሆን አልፈልግም።» እስከ አጥራችን ድረስ ደግፈው አደረሱኝ። አባቴ ወጥተው ተቀበሉኝ፤ እሳቸውን ግን ቀና ብለው አላዩም። አጎቴ ከአጥሩ ውጭ ትንሽ ቆሙና ወደ ከተማ ተመለሱ።

ሕመማቸው ሲጠና ለአባቴ ሰው ላክን። «እስቲ አዝመራው ይግባ፤ እሄዳለሁ» አሉ። ወደ እንድሪስ «እሄዳለሁ» ሲሉ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማናቸው ያኔ ነው፤ ደስ አለን። አጎቴም ይህን ሲሰሙ ፈገግ ብለው ትራሳቸውን ከፍ አስደረጉ፤ ወንድማቸው ሲገባ ተኝተው እንዳያገኛቸው። በየቀኑ «ሀሰን አልመጣም?» ይሉ ነበር። አዝመራው ሳይገባ ሞቱ።

በቀብሩ ላይ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እያለቀሰ ሲቀብራቸው፣ አባቴ ከሁሉ ኋላ እንደ ባዳ ቆመው ነበር። ሰዉ ሲበተን ወደ ቤት ወሰድኋቸውና ሁሉንም ነገርኋቸው። ከዚያ «ጠባሳውን አይቶታል?» አሉኝ።

«አይተውታል፣ አባ።»

ዱላቸውን አንስተው ወጡ። ተከተልኋቸው። አዲሱ አፈር አጠገብ ተንበረከኩና «ወንድማለም፣ ሀሰን ነኝ» አሉ። መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ጥቂት ቆዩ። «አፉ በለኝ። መጥቻለሁ። ዘገየሁብህ።» ከዚያ በላይ አልቻሉም። አባቴ ሲያለቅሱ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ጋሼ እንድሪስ፣ በልጅነቴ ያስተማሩኝ፣ ሁሉ የተወኝ በመሰለኝ ቀን የተቀበሉኝ፣ እኔ እርስዎን በምን ቃል ልሸኝዎት? የሚወዱዎትም የተቀየሙዎትም ሐቀኛነትዎን አንድም ቀን አልተጠራጠሩም። እርስዎ ግን ከሰው ሁሉ የፈለጉት የአንድ ሰው ሰላምታ ነበር፤ እሷን ሳያገኙ ሄዱ። ይህ እኔን እስክሞት ያንገበግበኛል። አላህ ማረፊያዎን ያስፋልዎት። አባቴ መቃብርዎ ላይ ያሉትንም እሱ ያሰማዎት።