የኋላ ወንበሩ ደጋፊ

ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ የበጎ አድራጎት ክበብ ሐሙስ ሐሙስ በሆቴል አዳራሽ ይሰበሰባል። ለአረጋውያን ብርድ ልብስ ለማደል ከወሰነ ሁለት ክረምት አልፏል፤ የቀረው የብርድ ልብሱን ቀለም መምረጥ ብቻ ነው።

የክበቡ ጸሐፊ ማኅደረማርያም አጀንዳ ከማንበቧ በፊት ዓይኗ ወደ ኋላው ወንበር ይሄዳል። ሁልጊዜ የሚመጡ አንድ ሽማግሌ እዚያው ናቸው። ካፖርታቸው ኮሌታው ተገልብጦ የተሰፋ ነው፤ ደረት ኪሳቸው ላይ ሁለት እስክሪብቶ ይሰካሉ። ሻይ ሲመጣ አንዱን ሳምቡሳ ይበሉና ሌላውን በሶፍት ጠቅልለው ኪሳቸው ይከታሉ። ማን እንደጋበዛቸው የሚያውቅ የለም። ሐሳብ በቀረበ ቁጥር ግን፣ ተናጋሪው ገና ሳይጨርስ፣ እጃቸውን አውጥተው «እደግፋለሁ!» ይላሉ። በእሳቸው ድጋፍ ሰማያዊ ጸደቀ፤ በእሳቸው ድጋፍ ሰማያዊው ተሽሮ ቡኒ ሆነ።

ባለፈው ሐሙስ ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አባል ያልሆነ ሰው ስብሰባ ላይ እንዳይገኝ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ደጋፊ?»

ነገሩን በሹክሹክታ ሲያቦኩት የሰነበቱት ሁሉ የሻይ ብርጭቋቸውን ማየት ጀመሩ። ደጋፊ ካልተገኘ ሐሳቡ ሊወድቅ ነው።

«እደግፋለሁ» አሉ ሽማግሌው ከኋላ።

ሰብሳቢው እፎይ ብለው አመሰገኑ። ማኅደረማርያም ግን ተቸገረች፤ ቃለ ጉባኤው ላይ የደጋፊው ስም መጻፍ አለበት።

«አባባ፣ ስምዎን ማን ልበል?»

ሽማግሌው ካፖርታቸውን እየቆለፉ ተነሡ።

«አንድ አባል ብለሽ ጻፊው፣ ልጄ።»